ብርሃንን ያናገረ መምህር

የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ስም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ስልክን ነው። እርሱ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው ሌላ መሣሪያ ነበር። ስለዚሁ በአጭሩ ለማውሳት እንወዳለን፤ ዘመኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቤል በ1847 በስኮትላንድ አገር በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንግግር መምህር ነበሩ፤ የእናቱ ጆሮ ደግሞ በደንብ አይሰማም ነበር። ሁለት ወንድሞቹን የሳንባ ነቀርሳ ስለ ቀጠፋቸው፣ ወላጆቹ በ1870 እርሱን ለማትረፍ ሲሉ ይዘውት ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ከዚያም ወደ ቦስተን ሄዶ መስማት ለተሳናቸው መምህር ሆነ። እንግዲህ ቤል ወደ ሽቦና ወደ ባትሪ የደረሰው የሰውን ድምፅና ንግግር ሲመረምር ነው። የስልኩን የባለቤትነት መብት በ1876 ሲያገኝ ዕድሜው ገና 29 ዓመት ነበር።

በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሴሌኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ አስታውቆ ነበር። ቤልም ከረዳቱ ከቴይንተር ጋር በዚህ ነገር ተጠቀመ። ሰው ሲናገር በሚርገበገብ ስስ መስተዋት ላይ የፀሐይ ጨረር ይጥላሉ፤ ጨረሩ ከማዶ ባለው ሴሌኒየም ላይ ሲያርፍ፣ ብርሃኑ በጠነከረና በደከመ ቁጥር ኤሌክትሪኩም አብሮት ይጠነክራል፣ ይደክማል፤ በስልክ ማድመጫም ንግግሩ ይሰማል። በ1880 በዋሽንግተን ከፍራንክሊን ትምህርት ቤት ጣራ ላይ 213 ሜትር ያህል ወደሚርቀው ቤተ ሙከራቸው ያለ ሽቦ ንግግር አስተላለፉ። በዚያው ዓመት የተወለደችለትን ልጅ በመሣሪያው ስም ፎቶፎን ሊላት አስቦ ሚስቱ እንደ ከለከለችው ይነገራል።

ነገር ግን ደመናና ጉም ጨረሩን እየጋረዱት መሣሪያው ገበያ ሳያገኝ ቀረ። በ1922 ቤል ሲቀበር የሰሜን አሜሪካ ስልኮች ለአንድ ደቂቃ ዝም አሉ፤ ክብሩ ለስልኩ እንጂ ለፎቶፎኑ አልነበረም። ዛሬ ግን የዓለም ወሬ በመስተዋት ክር ውስጥ በብርሃን ይጓዛል። መስማት የተሳናቸው በምልክት ቋንቋ እንዳይማሩ አጥብቆ መከራከሩ ግን ዛሬ በብርቱ ያስነቅፈዋል፤ እኛም አንሸፍንለትም።

የቤልን ፈለግ ለመከተል ዛሬ ጥቂት ዕቃ ይበቃል። አንድ ፎቶሬዚስተርና አንድ የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ተቀጣጥለው፣ የፎቶሬዚስተሩ ጫፍ ከ5 ቮልት፣ የሬዚስተሩ ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል። ከመገናኛቸው የሚወጣው ሽቦ አርዱዊኖ ኡኖ በሚባለው ትንሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ ይሰካል። ሰሌዳው የብርሃኑን መጠን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነባል፤ ቁጥሩ ከወሰንነው ሲያንስ፣ ማለት ሲጨልም፣ አምፑል እንዲያበራ በጥቂት መስመር እናዘዋለን።

ይህ የሳይንስ ተማሪዎች ሥራ ነው ብለን የምንሸሽ የአርትስ ፋኩልቲ ልጆች ብዙ ነን። ቤል ግን ከንግግር ትምህርት ተነሥቶ እዚያ ደርሷል። እኛስ ምን ይዞናል?