ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ

ወደብ በሌለው አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል አዛዥ መጻፍ ለአንዳንዱ ተማሪ ትርፍ ነገር ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ እኒህ ሰው የሞቱበት ዓመት ገና ያልተዘጋ ክርክር ስላለበት ጥቂት ብናወጋበት አይከፋም።

እስክንድር በ1926 ዓ.ም. ከራስ ደስታ ዳምጠውና ከልዕልት ተናኘ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ተወለዱ። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው፣ አባታቸው በደቡብ በኩል ፋሺስትን ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተረሸኑ። ልጁ ከፍ ሲሉ እንግሊዝ አገር በዌሊንግተን ኮሌጅ ተማሩ፤ ከዚያም የባሕር መኰንንነትን ሙያ ያዙ።

በዚያን ጊዜ ባሕር ኃይላችን ገና ጨቅላ ነበር። መኰንኖቹን ካሠለጠኑት መካከል ኖርዌያውያን ነበሩበት፤ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች ናት። የበላይ አዛዡ ንጉሠ ነገሥቱ ቢሆኑም ሥራውን የሚመሩት የልጅ ልጃቸው ሆኑ። በየዓመቱ በምጽዋ በሚደረገው የባሕር ኃይል በዓል የአሜሪካና የሶቪየት የጦር መርከቦች ባንድ ወደብ መልሕቅ ይጥሉ ነበር። ይህን ያህል ሹመት በችሎታ ብቻ ተገኘ የሚል ካለ ግን የዘመኑን ቤተ መንግሥት አያውቅም።

ከአዲስ አበባ ወደ ምጽዋ የሚወስደው መንገድ በወልድያ፣ በጎብዬና በቆቦ አድርጎ ወደ አላማጣ ያልፋል። በ1965 ዓ.ም. የራያና የቆቦ ገበሬ ከብቱ አልቆበት፣ እህል ፍለጋ የወጣው ወደዚሁ መንገድ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረኀቡን ፎቶግራፍ ባደባባይ ሲያሳዩ መንግሥት ነገሩን መሸፈን ነበር ሥራው። እኛ የዚያ አገር ልጆች አብዮቱ ከየት እንደ ተነሣ ስንጠየቅ ስለ ደመወዝ ከማውራታችን በፊት ይህን መንገድ እንጠቅሳለን።

በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ያለው ጦር አመፀ፤ በየካቲት አሥመራ ተከተለ፤ ወዲያውም ምጽዋ። መርከበኞቹ በገዛ አዛዣቸው ላይ ሲነሡ እስክንድር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ቆይተውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ለምን ተመለሱ? በበኩሌ ድፍረት ነው እላለሁ፤ የዘውድ ተስፋ ነው የሚሉም አሉ። አልጋ ወራሹ ታመው ውጭ አገር ስለ ነበሩ፣ ቀጥሎ ማን ይነግሣል የሚለው ወሬ የእስክንድርንም ስም አልተወም። በሚያዝያ ግን የተሰየሙት የአልጋ ወራሹ ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

በዚያው ወራት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠያቂ የሚያደርግ ሕገ መንግሥት ይረቀቅ ነበር። በቬኔዙዌላ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1958 አድሚራል ላራሳባል ጊዜያዊ መንግሥት መርተው፣ ሥልጣናቸውን ለቀው በምርጫ ተወዳደሩ፤ ቢሸነፉም ውጤቱን ተቀበሉ። በእኛ ዘንድ ለአድሚራሉም ለረቂቁም እንዲህ ያለ ዕድል አልተገኘም። እስክንድር መርከበኞቻቸው ከከዱአቸው ወዲህ ከኋላቸው ጦር አልነበራቸውም፤ ረቂቁም በወረቀት ቀረ።

ደርግ አሰራቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወህኒ ቤት ከአክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ከእንዳልካቸው መኰንንና ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ዕድሜያቸው አርባ ነበር። በረኀቡ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። የቆቦ ገበሬ ግን ማን ምን እንዳደረገ በችሎት ተመርምሮ መስማት ይገባው ነበር፤ ጥይቱ ይህንንም ነጠቀው።

እናታቸውና እኅቶቻቸው እስከ 1980 ዓ.ም. ታስረው ኖሩ። መርከቢቱ «ኢትዮጵያ» በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የእስክንድር ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።