ኤድሞን ደ ሴሊስ ሎንግሻን፦ ሕይወቱና ለአፍሪካ የውኃ ተርቦች ጥናት የተወው ውርስ

ክረምት ሲገባ በሸሕዲና በመተማ ቆላ፣ በጓንግ ወንዝ ዳርና ዝናብ በቋጠራቸው ኩሬዎች ላይ የውኃ ተርቦች ይበራሉ። በሳይንስ ኦዶናታ የሚባሉትን እነዚህን ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት ለመመደብ ዛሬም መሠረት የሚሆነንን ሥራ የጣለው ቤልጂየማዊው ባሮን ኤድሞን ደ ሴሊስ ሎንግሻን ነው።

ሴሊስ እ.ኤ.አ. በ1813 በፓሪስ ተወለደ። በፖለቲካም ረጅም ዘመን ያገለገለ ሲሆን፣ ከ1880 እስከ 1884 የቤልጂየም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበር። በ1840 ስለ አውሮፓ የውኃ ተርቦች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም ከጀርመናዊው ኸርማን ሃገን ጋር በመተባበር ጥናቱን ወደ ዓለም ዝርያዎች አሰፋ። የአፍሪካን ዝርያዎች የመረመረው ሌሎች ሰብስበው ባመጧቸው የደረቁ ናሙናዎች ላይ ሲሆን፣ ወገንን ከወገን ለመለየት በዋናነት የተመካው በክንፍ ላይ በተዘረጉት መስመሮች አደረጃየት ነበር።

ይሁን እንጂ አብዛኞቹን ቤተሰቦች በየተራ ሲያጠና፣ የሊቤሉሊዴን ቤተሰብ አጠቃላይ ምደባ ሳይፈጽም በ1900 በሊዬዥ ዐረፈ። በቆላማው አካባቢ ረግቶ በሚሞቅ ውኃ ላይ በብዛት የሚታየው ግን ይኸው ቤተሰብ ነው፤ ዝናብን ተከትሎ ረጅም ርቀት የሚጓዘው ፓንታላ ፍላቬሰንስም ከዚሁ ይመደባል። ጉድለቱን የሞላው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍሪድሪክ ሪስ ሲሆን፣ የሴሊስን ስብስብ መነሻ በማድረግ ከ1909 እስከ 1919 ሰፊ ሥራ አሳተመ። ሪስ በ1911 ኦርቴትረም ክሪስተንሴኒን፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ማርቲን ደግሞ በ1907 ኢስክኑራ አቢሲኒካን ሰይመዋል፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ደጋ ብርቅዬ ዝርያዎች ናቸው።

የሴሊስ ሕይወት ለተመራማሪ የሚተወው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ በጥንቃቄ የተጠበቀ ናሙና ሰብሳቢው ካለፈ በኋላም ለሌላው ትውልድ ሥራ ይሆናል። በሌላ በኩል፣ ስያሜ ብቻውን ስርጭትን አያስረዳም። በላዩ አቢሲኒያ ተብሎ ብቻ የተጻፈበት ናሙና፣ ከስሜን ደጋ ይሁን ከጓንግ ቆላ መምጣቱን አይነግረንም። የደጋው ጅረት ብርቅዬ ዝርያዎችን ሲያኖር፣ ቆላው ደግሞ ከሱዳን ሜዳ ጋር የሚጋራቸው በርካታ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ በምዕራብ ጎንደር ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የውኃውን ዓይነትና ቀኑን ካልመዘገበ፣ ሴሊስ ከሩቅ ሆኖ ሊያገኘው ያልቻለውን መረጃ በእጁ ይዞ ያጠፋዋል።