የጨርቅ ነጋዴው ያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት

ማይክሮስኮፕ ሲነሳ ነጭ ካፖርት የለበሰ ምሁር ይታየናል። ባክቴሪያን መጀመሪያ በዓይኑ ያየው ሰው ግን ጨርቅ ሻጭ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ ምሁራን የሚጽፉበትን ላቲንም አያውቅም ነበር። በዚህ ዕትም የእሱን ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ በ1632 በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ ተወለደ። ቅርጫት ሠሪ የነበረው አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። አንቶኒ በ16 ዓመቱ አምስተርዳም ሄዶ የጨርቅ ንግድ ተማረ፤ ተመልሶም አገባና በዴልፍት ሱቅ ከፈተ። ከሚስቱ ከባርባራ ከወለዳቸው አምስት ልጆች ለአቅመ ሔዋን የደረሰችው ማርያ ብቻ ናት። ባርባራም በ1666 አረፈች። ያኔ ሞት በየቤቱ ሲገባ ምን ይዞት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

የጨርቅ ነጋዴዎች የክሩን ጥራት በአጉሊ መነጽር ያዩ ነበር። አንቶኒ ግን በዚያ አልረካም። መዳፍ ውስጥ የሚገቡ ማይክሮስኮፖችን በገዛ እጁ ሠራ፤ እስከ ዛሬ ከተረፉት አንዱ 270 ጊዜ ያህል ያጎላል። በ1676 ቁንዶ በርበሬ ምላስን ለምን እንደሚያቃጥል ለማወቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ቢያየው፣ ውሃው በሚርመሰመሱ ፍጥረታት ተሞልቶ አገኘው። ይህንኑ ለንደን ላለው የሳይንስ ማኅበር በደች ቋንቋ ጻፈ። ማን ይመነው? ቄሶች ያሉባቸው ስምንት ሰዎች አይተው እንዲመሰክሩለት አደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ሮበርት ሁክ ራሱ አየና ነገሩ ተረጋገጠ፤ በ1680 የጨርቅ ነጋዴው የማኅበሩ አባል ሆነ።

እኛን የማረከን የጥርሱ ነገር ነው። ጥርሱን በየጠዋቱ በጨው ይፈትግ ነበር። በ1683 ግን በጥርሶቹ መሃል የቀረውን ነጭ ነገር ፍቆ ቢመለከት ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት ሞልተውበታል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ በፊት ጥርሶቹ ላይ ሕያው የሆነ አጣ፤ ምክንያቱ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ትኩስ ቡና እንደሆነ ገመተ። ይህቺን ስናነብ ስኒያችንን እያየን ሳቅን።

ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። የእኛ ሕዋስ የዘር መረጃውን በአስኳል ሸፍኖ ይይዛል፤ ባክቴሪያ ግን አስኳል የለውም። የሚበላውና ሙቀት ካገኘ አንዳንዱ ዓይነት በ20 ደቂቃ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ የበሰለ ምግብ ሳይከደንና ሳይቀዘቅዝ ማሳደር የሚያሰጋውም ለዚህ ነው። ቲቢ፣ ኮሌራና ቴታነስ የባክቴሪያ በሽታዎች ናቸው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን አይጎዱንም። ወተታችንን እርጎ ያደርጋሉ። በባቄላና በሽምብራ ሥር ላይ ባሉት ትንንሽ እባጮች ውስጥ ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን ይመግባሉ፤ ገበሬ ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ እህል ሲዘራ የሚጠቀመው ከእነሱ ነው። ከሻጋታ ጋር ሆነው የሞተውን ሁሉ ወደ አፈር ባይመልሱት ኖሮ ምድር በሬሳና በቅጠል ትሞላ ነበር።

የምናዝንበት ነገርም አለ። አንቶኒ ሌንሶቹን እንዴት እንደሚሠራ ምስጢር አድርጎ ያዘ፤ ምርጦቹን ለእንግዳ አያሳይም፣ ተማሪም አልተቀበለም። በ1723 በ90 ዓመቱ ሲሞት ሙያው አብሮት ተቀበረ። ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ የተረጋገጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ሰመልቫይስ ምክንያቱን በውል ሳያውቅ ሐኪሞችን እጅ በማስታጠቡ ብቻ ከወሊድ በኋላ በትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። አንቶኒ ሙያውን ቢያስተምር ኖሮ ያ ቀን ይፈጥን ነበር? ግማሾቻችን አዎን አልን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ያልተማረ ተብሎ የተናቀ ሰው ያለችውን አንዲት ሙያ ቢደብቅ አይፈረድበትም አልን። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ማርያ ሳታገባ አባቷን ጦረች። ሲሞትም 26 የብር ማይክሮስኮፖች የያዘ ሳጥን እንደ ኑዛዜው ወደ ለንደን ላከች፤ ሳጥኑ ከጊዜ በኋላ ጠፋ። እሷ ግን በዴልፍት አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ከአባቷ ጋር ተቀብራለች።