ሮልፍ ሲቨርት፦ የጨረር መጠን ልኬትና የታካሚ ደኅንነት

ስዊድናዊው የሕክምና ፊዚክስ ሊቅ ሮልፍ ሲቨርት እ.ኤ.አ. በ1896 በስቶክሆልም ተወለዱ። ሥራ በጀመሩበት ዘመን የጨረር ሕክምና መጠን በአብዛኛው የሚገመተው በታካሚው ቆዳ መቅላት ነበር። ስለዚህ ስሕተቱ የሚታወቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ጤናማው አካል ይቃጠላል፣ ሲያንስ ዕጢው ሳይጠፋ ይቀራል።

ሲቨርት በ1921 ከራዲየም የሚወጣውን ጨረር ለማስላት የሚያገለግል፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራ ቀመር አቀረቡ። ከ1924 እስከ 1937 የራዲየምሄሜት የካንሰር ሕክምና ተቋምን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ መሩ፤ በታካሚው አካል ላይ ሊቀመጥ የሚችል አነስተኛ የጨረር መለኪያም ሠሩ። በዚህም ግምት በልኬት እንዲተካ መሠረት ጣሉ።

ከ1956 እስከ 1962 የዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ሊቀመንበር የነበሩት ሲቨርት በ1966 ዐረፉ። ለሕክምና የሚሰጠው መጠን በግሬይ ሲለካ፣ ጨረር በጤና ላይ የሚያስከትለው ስጋት የሚገለጽበት አሃድ ግን ከ1979 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል። የዛሬው የስጋት ግምገማ ከመሣሪያው አልፎ የሕክምናውን ሂደት ደረጃ በደረጃ ይመረምራል፤ ይሁን እንጂ መጠኑ በትክክል ካልተለካ ግምገማው መነሻ አይኖረውም።