አልፍሬድ ቡኺ

አልፍሬድ ቡኺ (ሐምሌ 5 ቀን 1871 ዓ.ም. – ጥቅምት 16 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 11 ጁላይ 1879 – 27 ኦክቶበር 1959) የስዊዘርላንድ መሐንዲስና የተርቦ ፈልሳፊ ነበር። ተርቦ ከሞተር በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነው። ቡኺ ሐሳቡን ያቀረበው በ26 ዓመቱ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ የሚውል ሞተር ለማድረስ 20 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ልጅነትና ትምህርት

ቡኺ የተወለደው በሰሜን ስዊዘርላንድ በምትገኘው በቪንተርቱር ነው። ቪንተርቱር በዚያ ዘመን የፋብሪካ ከተማ ነበረች። በውስጧ ከነበሩት ታላላቅ ድርጅቶች አንዱ ዙልትሰር የእንፋሎት ሞተሮችንና ፓምፖችን፣ በኋላም የናፍጣ ሞተሮችን ይሠራ ነበር። አባቱ ዮሐን ቡኺ በዚሁ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ስለነበር ልጁ ከማሽን ሥራ ጋር ተዋውቆ አደገ። የልጅነቱን ከፊል ጊዜ ያሳለፈው በጀርመን አገር በሉድቪግስሐፈን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የማሽን ምሕንድስና መማር ጀምሮ በ1903 ተመረቀ። ከቡኺ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደው አልበርት አይንስታይንም የተማረው በዚሁ ትምህርት ቤት ሲሆን በ1900 ጨርሷል። ቡኺ ከተመረቀ በኋላ ወደ ቤልጅግና ወደ እንግሊዝ ሄዶ በሞተር ሥራ ላይ ተሰማራ።

የ1905 ሐሳብ

በዚያን ጊዜ የሩዶልፍ ዲዝል ሞተር ገና አዲስ ነበር። ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሲሦ ያህሉ ብቻ ወደ ሥራ ይለወጣል፤ ሌላው ሲሦ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር፣ የቀረው ደግሞ ከትኩሱ ጭስ ጋር ይጠፋል። ቡኺን ያሳሰበው ይህ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ሙቀት ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። የሚወጣው ጭስ ተርባይን ያሽከረክራል። ከተርባይኑ ጋር የተያያዘው መጭመቂያ ደግሞ ከውጭ አየር ስቦ ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ብዙ አየር በገባ ቁጥር ብዙ ነዳጅ በደንብ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ሞተሩ በመጠን ሳይተልቅ ጉልበቱ ይጨምራል። ቡኺ መጭመቂያውን፣ የፒስተን ሞተሩንና ተርባይኑን በአንድነት ያያያዘበትን ንድፍ አቅርቦ በኅዳር 7 ቀን 1898 ዓ.ም. (16 ኖቬምበር 1905) የጀርመን መንግሥት የፈጠራ መብት አገኘ። ተርቦ ተወለደ የሚባለው በዚህ ቀን ነው።

የከሸፉ ሙከራዎች

ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በዙልትሰር የናፍጣ ሞተር ምርምር ላይ መሥራት ጀመረ። በ1911 የሙከራ ጣቢያ ተከፈተለት። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት ማሽኖች አስተማማኝ አልሆኑም።

ለዚህ በርካታ ምክንያቶች ነበሩ። የዘመኑ መጭመቂያና ተርባይን በውስጣቸው ብዙ ጉልበት ያባክኑ ስለነበር ለሞተሩ የሚተርፈው ጥቅም ትንሽ ነበር። የዘመኑ ብረት በትኩስ ጭስ ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት መሽከርከርን ለረጅም ጊዜ አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ ሞተሩ ራሱ ለተጨመቀ አየር ተብሎ አልተሠራም፤ ባልቦላዎቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ፣ የጭስ ቱቦዎቹም ቅርጽ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር አይስማማም ነበር። ቡኺ ቀስ በቀስ የተረዳው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ተርቦ በሞተር ላይ የሚደረብ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ከሞተሩ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ክፍል ነው።

የከፍታ ጥያቄ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሐሳቡ ሌላ ጥቅም አገኘ። አውሮፕላን ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ይደክማል። ቡኺ በ1915 ገደማ ይህን ድካም በተጨመቀ አየር ለማካካስ ሞክሮ ነበር። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ፣ በአሜሪካ ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሠሩ። ሞስ በ1918 አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ተራራ ጫፍ አስወጥቶ፣ ተርቦ የተገጠመለት ሞተር ከፍታው የወሰደበትን ጉልበት መልሶ እንደሚያገኝ አሳየ።

ይህ ጥያቄ የአውሮፕላን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የሚሠራ መኪና ሁሉ ይመለከተዋል። ለምሳሌ በከምባታ ዞን ያለችው አንጋጫና የሐድያዋ ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2,300 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ያጣል። ድንችና ስንዴ የጫነ አሮጌ የናፍጣ መኪና ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፖምፓው የሚልከው ነዳጅ ያው ሆኖ ሳለ የሚያቃጥለው አየር ግን አንሷል።

ስኬት

የቡኺ ሥራ ፍሬ ያፈራው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በዚህ ዓመት የናፍጣ ሞተርን ጉልበት ከ40 በመቶ በላይ ከፍ ማድረግ ቻለ፤ ለአዲሱ ዘዴም በራሱ ስም የፈጠራ መብት ጠየቀ። ዘዴው ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛ፣ የመግቢያውና የመውጫው ባልቦላ ለአጭር ጊዜ አብረው ተከፍተው ንጹሕ አየር የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያስወጣል። ሁለተኛ፣ ከሲሊንደሮቹ የሚመጡት ቱቦዎች ጠባብ ሆነው በቡድን ይከፈላሉ፤ የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ግፊት የሌላውን ሳያውክ ተርባይኑን ይመታል። በዛሬዎቹ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች አንደኛውና አራተኛው በአንድ መንገድ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላ መንገድ ወደ ተርቦው የሚሄዱበት አሠራር ከዚህ የመጣ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ፕሮይሰን እና ሐንዘሽታት ዳንትሲግ የተባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኞች መርከቦች በዚህ ዘዴ በሚሠሩ ሞተሮች ተንቀሳቀሱ። ቡኺ ከዙልትሰር ወጥቶ ከቪንተርቱሩ የሎኮሞቲቭና የማሽን ፋብሪካ፣ እንዲሁም በባደን ይገኝ ከነበረው ከብራውን ቦቬሪ ኩባንያ ጋር የቡኺ ሲንዲኬት የተባለውን ማኅበር መሠረተ። እርሱ ንድፉን ያወጣ ነበር፤ አንደኛው ድርጅት ለሙከራ ሞተር ሲያቀርብ ሌላው ተርቦውን ይሠራ ነበር። በዚህ መንገድ ዘዴው ወደ ብዙ አገር ፋብሪካዎች ተዳረሰ።

በ1938 የስዊዘርላንዱ ሳውረር ኩባንያ ተርቦ ያለው የጭነት መኪና ሞተር አወጣ። የዙሪኩ ፖሊቴክኒክም ለቀድሞ ተማሪው የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ቡኺ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ በተወለደባት በቪንተርቱር አረፈ። ተርቦ ያለው የቤት አውቶሞቢል ለገበያ ሲቀርብ አላየም።

ከሞቱ በኋላ፦ ተርቦ በቤት መኪና

የመጀመሪያዎቹ ባለ ተርቦ የቤት መኪናዎች ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እና ሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር በ1962 አሜሪካ ውስጥ ወጡ። የጄትፋየር ታሪክ ቡኺ በሙከራ ጣቢያው የደረሰበትን እውነት ደግሞ ያሳየ ነው። የሞተሩ ኮምፕሬሽን 10.25 ለ 1 ስለነበር በተጨመቀ አየር ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይነድድ ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ይረጭበት ነበር። ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ይረሱ ስለነበር ችግር በዛ፤ ኩባንያው ተርቦውን አንሥቶ በተራ ካርቡራተር እስከ መተካት ደረሰ። መኪናው በሁለት ዓመት ውስጥ ከምርት ወጣ። በ1978 መርሴዲስ ተርቦ ያለው የናፍጣ አውቶሞቢል ካወጣ በኋላ ግን መሣሪያው በናፍጣ መኪና ዘንድ እየተለመደ ሄደ።

በአሮጌ መኪና ላይ ተርቦ መግጠም

ተርቦ ርካሽና ያገለገለ ሆኖ መገኘት ከጀመረ ወዲህ፣ ያለ ተርቦ በተሠራ አሮጌ መኪና ላይ በቤት ወይም በሰፈር ጋራዥ መግጠም በብዙ አገር የተለመደ ሆኗል። ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን በቡኺ ዘመን በነበሩት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው ኮምፕሬሽን ነው። በኢትዮጵያ የገጠር መንገድ የሚታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ያለ ተርቦ የተሠራ ሲሆን ኮምፕሬሽኑ 22 ለ 1 ይበልጣል። ፋብሪካው በተመሳሳይ መጠን የሠራው ባለ ተርቦው 1ኤችዲ-ቲ ግን ከ19 ለ 1 ያንሳል፤ ነዳጁ የሚረጭበትም መንገድ የተለየ ነው። ስለዚህ በ1ኤችዜድ ላይ ተርቦ የሚገጥም ሰው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ካልያዘ ፒስተን ሊቀልጥ፣ ቴስታታ ሊሰነጠቅ ወይም ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የመኪና ተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚሸከመውም ቀጭን የዘይት ሽፋን ነው። የዘይት መመለሻው ቱቦ ጠባብ ወይም የተጣመመ ከሆነ ዘይቱ ወደ ጭሱ ይፈሳል። ያገለገለ ተርቦ ሲገዛም ዘንጉ ወደ ጎን ወዘወዝ የሚል ከሆነና ክንፎቹ ቤቱን የነኩበት ምልክት ካለ ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም።

ሦስተኛው የነዳጅና የሙቀት ልክ ነው። አየር ሲጨመር ነዳጅ ካልተስተካከለ ብዙ ለውጥ አይታይም፤ ነዳጅ ከልክ በላይ ከተጨመረ ደግሞ የጭሱ ሙቀት ሞተሩን ያጠፋዋል። በዚህ ምክንያት የጭስ ሙቀትና የአየር ግፊት መለኪያ ከተርቦው ጋር አብረው የሚገጠሙ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን የሞተሩ የራሱ ኮምፕሬሽን ተለክቶ፣ የአየር ፊልትሮው፣ የነዳጅ መርጫዎቹና ራዲያተሩ መታየት አለባቸው። ያረጀ ሞተር በተርቦ አይታደስም።

ለደጋ አገር መኪና ግቡ ትልቅ ጉልበት ባይሆንም ጥቅሙ ግልጽ ነው። በ2,300 ሜትር የጎደለው ግፊት ሩብ ባር ገደማ ስለሆነ፣ ያን ያህል ብቻ የሚጨምር ተርቦ ሞተሩን በባሕር ወለል ወደነበረው አቅሙ ያቀርበዋል። ሲሊንደሩም ከተሠራበት ልክ እጅግ የራቀ ግፊት አይገጥመውም። የአውሮፕላን ሞተሮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከተርቦ የጠየቁት ይህንኑ ነበር።