የጄምስ ዋት ሳጥን

አምፖል ስንገዛ ስንት ዋት እንደሆነ እንጠይቃለን። ዋት ግን የሰው ስም ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1736 በስኮትላንድ፣ በግሪኖክ ከተማ ተወለደ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመለኪያ መሣሪያዎች ሠሪ ሳለ ለጥገና የቀረበለት የኒውኮመን የእንፋሎት ሞተር ሞዴል ሕይወቱን ለወጠው። ያ ሞተር ሲሊንደሩ በየምቱ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ከሰል ይፈጅ ነበር። ዋት እንፋሎቱ በተለየ ዕቃ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ የሚያደርግ ኮንደንሰር ፈጠረ፤ በ1769ም ፓተንት አገኘ።

ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ዓመታት ፈጀ። የመጀመሪያው ሸሪኩ ጆን ሮባክ ከሰረ። በ1775 ፓርላማው ፓተንቱን እስከ 1800 አራዘመለት፤ የበርሚንግሃሙ ባለፋብሪካ ማቲው ቦልተንም ሸሪኩ ሆነ። እንፋሎት የማያሾልክ ሲሊንደር የተገኘው ደግሞ በጆን ዊልኪንሰን መሰርሰሪያ ማሽን ነው።

እኔን የሚገርመኝ የሽያጩ መንገድ ነው። የኮርንዎል የማዕድን ባለቤቶች ዕቃውን በገንዘባቸው ገዝተው ሞተሩን ያስተክላሉ። ከዚያም በኋላ ከአሮጌው ሞተር አንጻር ከሚተርፈው ከሰል የአንድ ሦስተኛውን ዋጋ ለእነ ዋት ይከፍላሉ። ምቱን የሚቆጥረው መሣሪያ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነበር፤ ባለንብረቱ ብቻውን ሊከፍተው አይችልም። ብዙዎቹ ክፍያውን ሲያቆሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1799 እነ ዋት ረቱ።

ፈጣሪ የድካሙን ዋጋ ማግኘት የለበትም አልልም። የዋት ፓተንት ግን ቀን የተቆረጠለት ነበር፤ በ1800 አበቃ። የእነ ዋት ባለሙያዎች ኮርንዎልን ሲለቁ የሞተሮቹ ብቃት መጀመሪያ ወርዶ ነበር። መድኃኒቱ ሌላ ቁልፍ አልሆነም። ከ1811 ጀምሮ ጆኤል ሊን የሞተሮቹን ውጤት በየወሩ ያሳትም ጀመር፤ መሐንዲሶቹም አንዱ ከሌላው እየተማሩ በ1840ዎቹ ብቃቱን ከእጥፍ በላይ አሳደጉት።

ዋት በ1819 ሞተ፤ ሳጥኑ ግን መልኩን ቀይሮ ዛሬም አለ። ከቦታው ሲነሣ ራሱን የሚቆልፍ፣ አምራቹ ካልፈቀደም የማይሠራ፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የብረት መቁረጫ ማሽን ይሸጣል። ምክንያቱ ማሽኑ ወደ ተከለከለ አገር እንዳይሻገር ነው ይባላል። ምክንያቱ ባዶ አይደለም። ሆኖም የዋት ሳጥን ይቆጥር ነበር እንጂ ሞተሩን አያስቆምም፤ ማብቂያ ቀንም ነበረው። የዛሬው ቁልፍ ወርክሾፑን ለማዛወር የፈለገውን ባለቤት ጭምር ሥራ ያስፈታል።

አምራቹ ነገ ቢዘጋ ቁልፉ በማን እጅ ይቀራል? ማሽን የሚገዛ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ሊጠይቅ ይገባል።