ካዛንቺስ ላይ ጓደኛዬን ስሸኝ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አሰብኩት

ባለፈው ቅዳሜ ካዛንቺስ ማኪያቶ ይዘን የተቀመጥነው ጓደኛችንን ልንሸኝ ነበር። ለማስተርስ ውጭ ሊሄድ ነው። ከእኔ ጋር ኢኮኖሚክስ የጨረሰ፣ በትምህርቱ ደግሞ ከእኔ በብዙ የሚሻል ልጅ ነው። ሒሳብ ከፍለን ስንነሳ ቀስ ብሎ እንደማይመለስ ነገረኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

ወደ ቤቴ ወደ ቂርቆስ በእግሬ ስመለስ በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ አለፍኩ። በ1953 ዓ.ም የተመረቀው ይህ አዳራሽ ያለበት የኢሲኤ ግቢ የአህጉሩ ኢኮኖሚ የሚጠናበት ነው። እኔ ግን እዚያ ስደርስ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ የጻፈ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በወጉ አንቱ ልለው ይገባ ነበር። ግን ሲሞት ገና ወጣት ነበርና ይቅርታችሁን ጠይቄ እሱ እያልኩ ልቀጥል።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም ዓድዋ አካባቢ ማይ ምሻም በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የአጼ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ፤ በ1881 ዓ.ም በመተማው ጦርነት ሞቱ። ልጁ ያኔ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በኋላ ወደ ምጽዋ በኩል ተሻግሮ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለው ፊልም ነው የሚመስለው። ከጓደኞቹ ጋር መርከብ ሊያይ ገብቶ እዚያው ተደብቆ ቀረ፣ መርከቧም ይዛው ሄደች ይባላል። አንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደገው። ጀርመንኛ ተማረ፤ በርሊን ሕክምና ማጥናቱም ይነገራል።

እዚያው ቢቀር ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ተመለሰ። በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኖ ሠራ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ግቢው በሽኩቻ ሲታመስ ግን እንደ እሱ ላለ ሰው የሚሆን ቦታ ጠፋ፤ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ቢሆንም አገሩን አልተወም። በ1904 ዓ.ም አካባቢ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለ ጽሑፉ አስመራ ላይ ታተመ። የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ከራሱ ንብረት እንዲለይ፣ ግብር ልኩ ታውቆ እንዲከፈል፣ አንድ ወጥ ገንዘብና ሕግ እንዲኖር፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ለወጣቱ ገዢ ለልጅ ኢያሱ ሐሳብ አቀረበ። በኋላም ሹመት አግኝቶ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ፤ ማለትም ባቡሩ የሚያመጣውንና የሚወስደውን ሸቀጥ ከሚቆጣጠረው ጉምሩክ ላይ ተቀመጠ። በ1911 ዓ.ም ሞተ። ዋናው መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም ነው። ሲታተም አላየውም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር የዚህን ሰው ስም አንድም ክፍል ውስጥ አልሰማሁም። ስሚዝን፣ ሪካርዶን፣ ኬንስን ለፈተና ሸምድጃለሁ። ገብረ ሕይወትን ያገኘሁት ከተመረቅኩ በኋላ፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል? በራሴ አነጋገር ላሳጥረው። የአንድ ሕዝብ ሀብት በካዝና የተከማቸ ወርቅ ሳይሆን በዕውቀት የታገዘ ሥራ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ገበያው እኩል አይሆንም። አንዱ ብዙ የደከመበትን ጥሬ ዕቃ ይሰጣል፤ ሌላው በማሽን ፈጥኖ የሠራውን ይሰጠዋል። እንዲህ እየሆነ የማያውቀው ለሚያውቀው ሲደክም ይኖራል። ዛሬ «የዕውቀት ኢኮኖሚ» እያልን በየስብሰባው የምናወራውን ይህ ሰው አገሪቱ አንድም ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት ጽፎታል። የመጀመሪያው ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም ግድም፣ እሱ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬስ? በአንድ ትውልድ ዕድሜ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከገጠር የመጡ ስንት ጓደኞቼ በዚያ በር ነው የገቡት። ግን በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የመውጫ ፈተናም በ2015 ዓ.ም ተጀመረ። ፈተና መጥበቁን አልቃወምም። ፈተና ግን ድክመትን ይለካል እንጂ ዕውቀት አይፈጥርም። ዕውቀት የሚፈጥረው የሚመራመር መምህር፣ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ፣ ተማሪው ያጠናውን ነገር የሚፈልግ ፋብሪካና ገበሬ ነው። ቡናችን እስከ ዛሬ በአብዛኛው ጥሬውን ይወጣል፤ ከማኪያቶው ማሽን ጀምሮ ግን ዕቃውን ከውጭ እንገዛለን። ነጋድራሱ ድሬዳዋ ጉምሩክ ቁጭ ብሎ ያየው ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ጠነከረ አልጠነከረ ሥራ ከሌለ ምን ዋጋ አለው ሊለኝ ይችላል። እውነቱን ነው። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። ገብረ ሕይወትም ትምህርት ብቻውን ይበቃል አላለም፤ ሕጉ፣ ግብሩ፣ ገንዘቡ፣ ባቡሩ አብረው ካልተስተካከሉ የተማረውም መሥሪያ እንደሚያጣ ያውቅ ነበር። በራሱ ላይ ደርሶበታላ።

ስለ ጓደኛዬ ብዙ አሰብኩ። ገብረ ሕይወት ተመልሷል፣ አንተም ተመለስ ልለው ነበር። ግን የተመለሰውን ሰው እኛ ምን አደረግነው? አንድ ጊዜ ሱዳን አሰደድነው፣ ከዚያ ደግሞ ከማስተማሪያ ክፍላችን ረሳነው። ስለዚህ ተመለስ አላልኩትም። የመጽሐፉን ሌላ ቅጂ ፈልጌ ገዛሁና በመሸኛው ቀን ሻንጣው ውስጥ ከሽሮውና ከበርበሬው ጎን አስገባሁለት። መመለስ አለመመለሱን እሱ ያውቃል። ቢመለስ የሚሠራበት ቦታ እንዲያገኝ ማድረግ ግን እዚህ የቀረነው ሰዎች ዕዳ ነው።